ክፍል የደገመ ልጅ ምን ይማራል? የመቐለ ዳሰሳ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው አሠራሮች አንዱ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ሳይደግሙ እንዲዘዋወሩ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የሰባት ዓመት ልጅን «ወድቀሃል» ማለት ለማንም አይበጅም። ችግሩ በብዙ ቦታ ምዘናው ቀርቶ ዝውውሩ ብቻ መትረፉ ነው። በ2002 ዓ.ም. ትግርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንዲህ ያለው ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ይወድቃል፤ ሲደግምም የሚሰጠው ያንኑ ያላነበበውን መጽሐፍ ነው።

በመቐለ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በመጋቢት 2012 በኮቪድ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች፣ የትግራዩ ጦርነት ተጨምሮበት አብዛኞቹ እስከ 2015 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ አልተከፈቱም። እንደ ማይ ወይኒ ያሉት የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። 2ኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ፣ ዕድሜው ከ10 አልፎ እዚያው 2ኛ ክፍል ተመለሰ። ማንም ሳይወድቅ ከተማው ሙሉ ደገመ።

ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው የንባብ ድጋፍ የሚጀምረው ከፊደል ነው። ሀ ሁን በዜማ የሚወርድ ልጅ፣ አንዷን ፊደል ከተራዋ ነጥላችሁ ስታሳዩት ዝም ይላል። «ቀ»ና «ቐ» የሚለዩት በአናታቸው ብቻ ነው፤ ሳድሶቹም «ል»፣ «ም»፣ «ር» አንድ ወጥ ምልክት የላቸውም። መምህሩ ፊደሎቹን አደበላልቆ ካልጠየቀ ይህን ክፍተት አያየውም።

ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ለዚህ የሚያስኬድ መንገድ አሳይቷል፦ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው፣ ማለትም ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ ብሎ በቡድን መድቦ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ማስተማር። እኛ ዘንድ ቱቶሪያል ሲባል ወዲያው የሚታሰበው የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ የታችኛው ክፍል ልጅ አስታዋሽ የለውም። ከጦርነቱ በፊት ትግርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር፤ በዘረፋውና በውድመቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ባዶ ቀሩ። መምህሩም ቢሆን ያልተከፈለውን የ17 ወር ደመወዙን ሲጠይቅ የኖረ ነው፤ ተጨማሪ ሰዓት አስተምር ለማለት መጀመሪያ ሊከፈለው ይገባል።

ልጅዎ ዘንድሮ የሚደግም ከሆነ፣ ካርዱን ተቀብለው ብቻ አይመለሱ። የትኞቹን ፊደላት እንደሚስት መምህሩን ይጠይቁ።