የቁልቢ መንገደኞችና ዕድሜ ጠገብ መኪኖቻቸው

እነሆ የሊቀ መላእክት የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ታኅሣሥ 19 ቀን ይከበራል። ምእመናን ሠለስቱ ደቂቅ ከሚነደው እሳት የዳኑበትን ተአምር በጾመ ነቢያት መካከል ያስባሉ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው የካ አባዶም ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ መካከል የሚታየው ዝግጅት በየዓመቱ የተለመደ ነው። ነጠላው ይታጠባል፤ የጾም ስንቁ ይሰናዳል፤ ለስዕለት የተገዛው ጃንጥላና ጧፍ በጥንቃቄ ይታሰራል። ከሕንፃው ሥር የቆመችው መኪናም ትወለወላለች። በዚህ ሁሉ መካከል እናቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ለመሆኑ ይህቺ መኪና ቁልቢ ታደርሰናለች?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመኪኖቹ አብዛኞቹ ከአሽከርካሪው ልጆች በዕድሜ ይበልጣሉ። ባለቤቶቻቸው በዕቁብ፣ በብድርና በብዙ ዓመት ቁጠባ የገዟቸው በመሆናቸውም እንደ ቤት ንብረት ይታያሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከፈልባቸውን ታክስ ከፍ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ስለሆነም አቅሙ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የማይፈቅድለት ቤተሰብ ያለው ምርጫ በእጁ ያለችውን ማሰንበት ነው። አንዲት መኪና እስከ ስንት ዓመት፣ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ልታገለግል ትችላለች? በዛሬው የበዓል ገጻችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

መኪና ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አንዲት መኪና እስከ አዲስ አበባ አድርሷል። ከዚያ ወዲህ ጣሊያናዊው ፊያት፣ ጀርመናዊው ቮልስ ዋገን፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት የሶቭየት ላዳዎች፣ በመጨረሻም የጃፓን ቶዮታዎች ዘመናቸውን ጠብቀው ተፈራርቀዋል። የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያን መካኒኮች የወረስናቸው ቃላት ናቸው። ቮልስ የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተመርታ ፋብሪካው ቢዘጋትም፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ግን ዛሬም ድምፅዋ ይሰማል። ፋብሪካው የተዋትን መኪና ሲያኖራት የቆየው የባለቤቷ እንክብካቤና የመካኒኩ እጅ ነው።

በዓለም ላይ የተመዘገቡት ታላላቅ ርቀቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ። ኧርቭ ጎርደን የተባለው አሜሪካዊ የሳይንስ መምህር እ.ኤ.አ. በ1966 የገዛትን አንዲት ቮልቮ እየነዳ በመስከረም 2006 ዓ.ም. ሦስት ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል አደረሳት። ምሥጢሩን ለሚጠይቁት የሚሰጠው መልስ ዘይት በወቅቱ መለወጥና የአምራቹን መመሪያ መከተል የሚል ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክታት በጻፈላት በግሪኳ ተሰሎንቄ ደግሞ ግሪጎሪዮስ ሳኪኒዲስ የተባለ የታክሲ ሾፌር እ.ኤ.አ. የ1976 ሥሪት በሆነች ዲዝል መርሴዲስ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ይህ ርቀት ስድስት ጊዜ ያህል ጨረቃ ደርሶ ከመመለስ ጋር የሚስተካከል ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋብሪካው ሙዚየም ተሰጥታለች። ሾፌሩ ግን በአንድ ሞተር ብቻ አልሠራም፤ ተለዋጭ ሞተር እያዘጋጀ፣ የደከመውን እያሳደሰ ነበር የሚነዳው። ስለዚህ ረጅም ዕድሜ የሚባለው በየወቅቱ የሚተካውን ተክቶ፣ የሚታደሰውን አድሶ መኖር ነው።

ወደ እኛው ሰፈር ስንመለስ ስሌቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከአባዶ መገናኛ የምትመላለስ አንዲት ሚኒባስ በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ብትሠራ 45,000 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። በ20 ዓመት ውስጥ 900,000 ኪሎ ሜትር ይሞላታል። ይሁንና የከተማ ኪሎ ሜትርና የገጠር አውራ ጎዳና ኪሎ ሜትር እኩል አይመዘኑም። ሞተር ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሣ ነው፤ ዘይቱ ገና ወደ ላይ አልደረሰምና። በሰልፍ መካከል እየቆሙ መነሣት ፍሪሲዮንና ፍሬን ይበላል። አቧራ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ኮረኮንች ኩሽኔታውን ያላላል። በአንጻሩ በተስተካከለ ፍጥነት ረጅም መንገድ የሄደ ሞተር ብዙ ኪሎ ሜትር ቆጥሮም ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

በዚህም ምክንያት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይቶ መኪና መግዛት ያሳስታል። በቀድሞዎቹ መኪኖች ላይ ባለ አምስት አኃዝ ቆጣሪ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በዛሬዎቹ ላይ ደግሞ ሆን ብለው ቁጥሩን የሚቀንሱ አይጠፉም። አስተዋይ ገዢ የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውንና የወንበሩን መበላት ይመለከታል፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው ማለቁንና ዘይት መቃጠሉን ይረዳል። ቁጥር ቀንሶ የሚሸጥ ነጋዴም የገዢውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚጫኑባትን ሕፃናት ደኅንነት ጭምር እንደሸጠ ሊያውቅ ይገባዋል።

የቁልቢ መንገድ ለአሮጌ መኪና ብርቱ ፈተና ነው። ራስ መኰንን ወዳሠሩት ወደዚያ ታላቅ ደብር ለመድረስ ከአዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታችን ተነሥቶ፣ አዳማን አልፎ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ አዋሽ ቆላ ይወረዳል። ከዚያም በአሰበ ተፈሪና በሂርና አድርጎ የጨርጨር ደጋ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ሙቀቱ ራዲያተርን፣ ዳገቱ ሞተርን ይፈትናል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተርን ከበሽታው የሚጠብቀው በክዳኑ የሚታመቀው ግፊትና የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ነው። ክዳኑ የላላ፣ በቧንቧ ውኃ ብቻ የተሞላና ውስጡ የዛገ ራዲያተር ዳገት ላይ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የፍሬን ዘይትም በዕድሜ እርጥበት ይስባል። በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ሆኖ ይወርዳል። ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ በቁልቁለት ፍሪ አድርጎ መንዳት እጅግ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር በወጣበት ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዝ ያደርጋል።

ኪሎ ሜትር ሳይቆጥሩም የሚያረጁ ዕቃዎች አሉ። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዓመታት ብዛት ይሰነጠቃል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ሲግል ይፈነዳል። የፍሬን ጎማ ቱቦና ቺንጋም እንዲሁ ናቸው። በብዙ መኪኖች ላይ የሞተሩ ዋና ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልተለወጠ ተበጥሶ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። ቦሎ በዓመት አንድ ጊዜ ይለጠፋል፤ ፍሬን ግን በየቀኑ ይረገጣል። የዓመቱን ምርመራ አልፌያለሁ ብሎ ለጉዞ ዋዜማ ጋራዥ አለመግባት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኝ ጸጸት ሊያመጣ ይችላል። የጥገናው ወጪ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቀለሙና ወንበሩ ይቆዩ፤ ፍሬን፣ ጎማና መሪ ይቅደሙ። እነዚህም ካልተሟሉ በሕዝብ አውቶቡስ መሄድ፣ ወይም ዘንድሮ በአጥቢያ ደብር አንግሦ ስዕለቱን ለከርሞ ማቆየት አያሳፍርም።

በብዙ መኪኖች መስታወት ሥር ሥዕለ አድኅኖ ይታያል፤ አዲስ የተገዛች መኪናም ጸበል ትረጫለች። ይህ የአባቶቻችን ልማድ መልካም ነው። ነገር ግን ፈታኙ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ፣ መላእክት እንደሚጠብቁት እያስታወሰ ራሱን ቁልቁል እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ ጌታችን ፈቃደኛ እንዳልሆነ በወንጌል እንማራለን። ያለቀ ፍሬን ይዞ፣ ሰባት ሰው በአምስት ሰው ወንበር ጭኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት እየነዱ የመልአኩን ጥበቃ መለመን ከዚያ ፈተና ብዙም የራቀ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብም እምነትና ሥራ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በመልእክቱ አስተምሮናል። ለሾፌር የፍሬን ሸራውን አስፈትሾ መነሣት የእምነቱ ሥራ ነው፤ በሀገራችን የትራፊክ አደጋ በየዓመቱ የሺዎችን ሕይወት እንደሚቀጥፍ እያወቅን ይህን ችላ ማለት አይገባንም።

መኪና በእንክብካቤ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ልትዘልቅ እንደምትችል አይተናል። በውስጧ የምትይዛቸው አባት፣ እናትና ልጆች ግን ምትክ የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ በዓሉን ምክንያት አድርጎ ለሚጓዘው ቤተሰብ ሁሉ አደራ የምንለው፣ ከመነሣታችሁ በፊት መካኒክ አማክሩ፤ በቀን ተጓዙ፤ በየመንገዱ ዕረፉ ነው። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ መልአክ መንገዳችሁን ያቅና፤ ስዕለታችሁን አድርሳችሁ በሰላም ለቤታችሁ ያብቃችሁ።

መልካም በዓል!