ከውኃ ወፍ እስከ ነቀምቴ መናኸሪያ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው በሽታ ቤተሰብን በሙሉ በአንድ ጊዜ አልጋ ላይ ጣለ። አስታማሚ ጠፋ፤ ቀባሪም ታጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ተረፉ። በከተማይቱ የሞተው ሰው 10,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ በዓለም ዙሪያ ደግሞ 50 ሚሊዮን። «የኅዳር በሽታ» እያልን የምናስታውሰው ይህ መቅሠፍት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ቫይረስ ከየት ይመጣል? ኢንፍሉዌንዛ ኤ የተባለው የቫይረሱ ዓይነት ጥንተ መኖሪያው የዱር የውኃ ወፎች አንጀት ነው። ዳክዬዎች ብዙውን ጊዜ ሳይታመሙ ይሸከሙታል፤ በኩሳቸውም ውኃውን ይበክሉታል። ቫይረሱ የዘር መረጃውን የሚይዘው በ8 ቁራጮች ከፋፍሎ ነው፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚህ ነው። የወፍና የሰው ቫይረስ አንድ የአሳማ ሕዋስ ውስጥ ቢገናኙ ቁራጮቻቸው ይደባለቃሉ። በኑኑ ቁምባ ወረዳ የሁለት ገበሬ ቡና በአንድ ማስጫ ላይ ቢቀላቀል ማታ ጆንያ ውስጥ ሲገባ የማን እንደሆነ አይለይም። ከሕዋሱ የሚወጣው ቫይረስም እንዲሁ ከሁለቱም የወረሰ አዲስ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1968 የተነሡት ወረርሽኞች የወፍና የሰው ቫይረስ ቅይጥ ነበሩ።

ቅይጥ ሁሉ ግን ወረርሽኝ አይሆንም። ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ የሰው ሰውነት ከዚህ ቀደም የማያውቀው መሆን፣ በሰው ላይ መራባት፣ ከዚያም ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ መተላለፍ። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሰው ገድሏል፤ ሦስተኛውን ግን ገና አላሟላም። በዋነኛነት የሚጣበቀው ከሳንባ ሥር ነው። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ መጣበቅ የቻለ ዕለት በሳልና በንግግር መዛመት ይቀለዋል።

ከዚያ በኋላ ርቀት አያግደውም። የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ከተማዋ ከገባ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ዛሬ አዲስ አበባና ነቀምቴ በ330 ኪሎ ሜትር ግድም ቢራራቁም መንገዱ የአንድ ቀን ነው። በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን በፊት ሊያስተላልፍ ይችላል። አምቦንና ባኮን አልፎ በሚሄደው አውቶቡስ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ወንድሜ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» ይባላል። መስኮቱ ይዘጋል፤ ሁሉም አንዱ የተነፈሰውን አየር እየተቀባበለ ነቀምቴ መናኸሪያ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጊምቢ፣ ወደ በደሌ፣ ወደ ኑኑ ቁምባ ይበተናል። አንድ ታማሚ በ3 ቀን ለሁለት ሰው ቢያስተላልፍ፣ እነዚያም እንዲሁ እያደረጉ ቢቀጥሉ፣ በወሩ ከ1,000 በላይ አዲስ ታማሚ በአንድ ዙር ይያዛል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 በሜክሲኮና በአሜሪካ የታወቀው ኤች1ኤን1 የተባለ ኢንፍሉዌንዛ አገራችን የገባው በሁለት ወር ገደማ ነው። ለአዲስ ቫይረስ ክትባት ማዘጋጀት ግን ወራት ይፈጃል። እስከዚያ የሚያድነን የራሳችን ሥራ ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠላችን የዚያ ክፉ ዘመን መታሰቢያ ነው፤ ጭሱ ግን ሳንባን ይጎዳል እንጂ ቫይረሱን አያባርርም። የቫይረሱን ሥርጭት የሚገታው የተከፈተ መስኮት፣ የታጠበ እጅ፣ አፍና አፍንጫን የሸፈነ ማስክ፣ ሲያተኩስ ከገበያና ከለቅሶ መቅረት ነው።

ዶሮ በብዛት ሲያልቅ «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ይችላል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር፣ የሞተውን አለመብላትና አለመሸጥ ያስፈልጋል። በአንድ ቀበሌ ሰው በአንድ ሳምንት ተከታትሎ በሳልና በትኩሳት ሲወድቅ ደግሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዕለቱን ይነገር። ናሙናው ቶሎ ላቦራቶሪ ከደረሰ፣ ጥቂት ታማሚዎችን ለይቶ ማስታመም ይቻላል። አንድ ወር ከዘገየ የሚታከመው ወረዳው በሙሉ ነው።