ጎመን ከቢላዋ እስከ ድስት

መስከረም ሲጠባ የጎመን ምንቸት ይወጣል፣ የገንፎ ምንቸት ይገባል ይባላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ጎተራው ተራቁቶ አዲሱ እህል ሳይደርስ የሐምሌንና የነሐሴን ቀዳዳ የሚደፍነው ከጓሮ የሚቀጠፈው የሐበሻ ጎመን ነው። በዚህ የተነሳ የችግር ምግብ ተብሎ ስሙ ዝቅ አለ። ለእኔ ግን የተባረረው ምንቸት ዓመቱን ሙሉ ምድጃ ላይ ቢቆይ ይሻላል።

ጎመኑ የሰናፍጭ ልጅ ነው። ናጋሃሩ ኡ የተባለው የጃፓን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳሳየው፣ 16 ክሮሞዞም ካለው ሰናፍጭና 18 ካለው የጥቅል ጎመን ዘመድ ተዳቅሎ ባለ 34 ክሮሞዞም ተክል ሆኗል። አፍንጫ የመሰንፈጥ ጠባዩንም ከሰናፍጩ ወርሷል።

ይህ የሚሰነፍጥ ነገር ግን ባልተነካ ቅጠል ውስጥ የለም። ቅጠሉ ሲኒግሪን የተባለ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በአንድ ቦታ፣ ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም በሌላ ቦታ ለይቶ ያስቀምጣል። ትል ሲቆረጥመው፣ ጥርስ ሲያደቀው ወይም ቢላዋ ሲከትፈው ሁለቱ ይገናኙና የሚለበልበው ውህድ ይፈጠራል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለጠላቶቹ ነው፤ እኛን አስቦ አይደለም። ፌጦ ከሎሚ ጋር ሲወቀጥ ዓይን የሚያስነባውም የዚሁ ቤተሰብ ውህድ ነው።

ውህዱ በመጠኑ ወደ ሰውነታችን ሲገባ ሴሎች መርዛማ ነገሮችን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞችን አብዝተው እንዲሠሩ ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ የዚህ ዓይነቱን ውህድ ከብሮኮሊ ለይተው አወጡ። ብሮኮሊ የጎመናችን የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ውህዶች በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ የካንሰርን እድገት ሲገቱ ታይቷል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ያን ያህል የጠነከረ አይደለም። ስለዚህ «ጎመን ካንሰር ይፈውሳል» እያለ ዱቄቱን በብልቃጥ የሚሸጥ ቢመጣ እለፉት።

ብዙ ጥቅም የሚባክነው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በብዙ ቤት ጎመኑ ሳይከተፍ ይቀቀላል፣ ውኃው ይደፋል፣ ከዚያ ይከተፋል። እሳቱ ኢንዛይሙን ሥራውን ሳይጀምር ይገድለዋል። ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌትና ከሲኒግሪኑም ብዙው ከሚደፋው ውኃ ጋር ይሄዳል። ቀድሞ ከትፎ፣ ጥቂት አቆይቶ፣ በትንሽ ውኃ ቶሎ ማብሰል ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው፤ ተደቁሶ ትንሽ ካልቆየ አሊሲን የተባለው ውህዱ በደንብ አይወጣም። ጎመኑ አንዴ ከበሰለም መላ አልጠፋም። ያልተቆላ ሰናፍጭ ኢንዛይሙ በውስጡ ስላለ፣ ጥቂት ጣል ሲደረግበት የሞተውን ይተካል። በጾም ማዕድ ሰናፍጭን ከጎመን ጎን ያስቀመጡት እናቶች ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ምላሳቸው ግን ጥሩ አድርጎ መርቷቸዋል።

የቅጠሉን አረንጓዴ ተገን አድርጎ የተደበቀ ቤታ ካሮቲን የሚባል ብርቱካንማ ቀለምም አለ። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ልጆችን ለዳፍንት ይዳርጋል። ቀለሙ ያለ ቅባት በደንብ ስለማይመጠጥ፣ በክረምት እጥረት ጊዜ በጨው ብቻ የሚበላው ቅቅል ጎመን ከሚሰጠው ይልቅ የሚያስቀረው ይበልጣል። የኑግ ዘይት ጠብ ማድረግ ብዙ ይለውጣል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። የጎመን ውህዶች ሲፈራርሱ የሚተርፈው ታዮሳይኔት አዮዲን ወደ እንቅርት እጢ እንዳይገባ ይሻማል። አዮዲን በበቂ ለሚያገኝ ሰው ይህ አያሳስብም። ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን በሚወስድበት እንደ ጉና ተራራ ግርጌ ባለ ተራራማ አገር፣ ጎመን አዘውትሮ የሚበላ ቤተሰብ ግን አዮዲን ያለው ጨው ያስፈልገዋል። ጨዉ ተከድኖ፣ እርጥበት ሳይነካው ይቀመጥ፤ አዮዲኑ በሙቀት ስለሚተንም ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨመር።