ፍቅርም ጓደኝነትም ያለበት መጽሐፍ



ከፍ ከፍ ያሉ ሴት ልጆች ባሉበት ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። አልጋ ስታነጥፉ ከትራስ ሥር ይገኛል። ሽፋኑ ላይ ሁለት ልጃገረዶች ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ ከኋላቸው አንድ ወጣት ቆሞ ያያቸዋል። ከ10 እስከ 16 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሚጻፍ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ መጀመሪያ ፍቅር የሚያወራ ቀለል ያለ ልብ ወለድ ነው። «የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው» ብላ የምታልፈው ብዙ ናት፤ «ኃጢአት ነው» የምትልም አትጠፋም። እኛ ግን ለእናንተም የሚሆን ቁም ነገር አለበት እንላለን። ብዙዎቻችሁ ያንን ዕድሜ ያሳለፋችሁት ውኃ በመቅዳት፣ ታናናሾቻችሁን በማዘል ነው። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ጊዜ አልነበራችሁም።

የእኛ የፍቅር ታሪክ ያስለቅሳል

የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የወጣች ልጅ ናት፤ ታሪኳም በሠርግ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ልባችን ውስጥ የቀረው የሚያስለቅሰው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ሰው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አነባ። ስለዚህ ፍቅር ሲባል ቶሎ የሚታየን መለያየትና መቃብር ነው።

የልጆቹ መጽሐፍ ጸባዩ ሌላ ነው። ጭንቀቱ ትንሽ ነው፦ ጓደኛዋ አኮረፈቻት፣ ልጁ ሰላም ሳይላት አለፈ፣ ልደት ሳትጠራ ቀረች። መጨረሻው እርቅና ሣቅ ነው። ይሁን እንጂ አንባቢዋ ልጅ በዚህ ትንሽ ነገር ሰውን መመዘን ትለማመዳለች። ማን ያታልላል? ማን ምሥጢር ይጠብቃል? ማን ይቅርታ ይጠይቃል? ትልቁ ነገር ሳይመጣ በትንሹ ትማራለች።

ልጅ የሚጠብቁት ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊቷ አን ማርቲን ስለ ሞግዚቶች ክበብ የሚተርክ ተከታታይ መጽሐፍ ጀመረች። አራት የ12 ዓመት ልጃገረዶች የጎረቤት ሕፃናትን በክፍያ ለመጠበቅ ይስማማሉ። በሳምንት ሦስት ቀን አንደኛዋ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ የራሷ ስልክ ያላት እርሷ ናትና። ወላጆች ይደውላሉ፣ ልጆቹም ሥራውን ይከፋፈላሉ። ገንዘብ ያዥ አላቸው፤ የሆነውን ሁሉ የሚጽፉበት መዝገብም አላቸው። ተከታታዩ ከ100 መጻሕፍት በላይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ እንደገና በቴሌቪዥን ድራማ ቀረበ።

ልጅ መጠበቅን እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። እነርሱ ማታ እናታቸው ቤት ይገባሉ፤ እናንተ ግን እዚያው ታድራላችሁ። ከእነርሱ የሚወሰደው ነገር ስብሰባቸው ነው። አንዷ ስትጨነቅ ሌሎቹ ይሰማሉ። አንዷ ስትወድ ጓደኞቿ ልጁን ያዩታል፣ ይቀልዱባታል፣ ካልጣማቸውም ይነግሯታል።

ዓረብ አገርም ይህ ዓይነት ንባብ አለ። ግብጽ ውስጥ «ዙሁር» ወይም «አበቦች» የሚባል በኪስ የሚያዝ የፍቅር ታሪክ ሲታተም፣ አባትና እናት ቤታቸው ቢያገኙት የማያፍሩበት ተብሎ ነበር የሚተዋወቀው። ሊባኖሳዊቷ ፋጢማ ሸረፈዲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 «ፋተን» የሚል ልብ ወለድ ለወጣቶች አወጣች። ፋተን በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን አባቷ ከገጠር አውጥቶ ቤይሩት ሀብታም ቤት በሠራተኝነት ያስገባት ልጅ ናት። ጎረቤት ያለ ወጣት ልቧን ይነካዋል። የእርሷ ሕልም ግን ነርስ መሆን ነው፤ ልጁም የሚረዳት ወደዚያው ሕልም እንድትደርስ ነው። የቤት ሠራተኛ የመጽሐፍ ዋና ሰው ስትሆን ማየት ብርቅ ነውና፣ ዓረብኛ የምታነቡ ፈልጉት።

ከዚሁ አገር የወጣችው ሩት

እኛስ ጓደኝነትና ፍቅር አብረው ያሉበት መጽሐፍ የለንም? መጽሐፈ ሩት አለ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ሩት ሞዓባዊት ናት። ሞዓብ ማለት ከሙት ባሕር በስተ ምሥራቅ፣ ከአማን በስተ ደቡብ፣ ዛሬ ከረክ ያለበት አገር ነው። ባሏ የሞተባት ሩት ከአማቷ ከኑኃሚን ላለመለየት ስትል ሰው አገር ሄደች። የምትበላውን የምታገኘው ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ በመልቀም ነበር።

ቦዔዝ ሲያያት መጀመሪያ ያደረገውን አስተውሉ። ሠራተኞቹ እንዳይነኳት አዘዘ፣ ከውኃው እንድትጠጣ ፈቀደ፣ እህል እንዲተዉላት ነገራቸው። ሩት ማታ ስትመለስ የዋለችበትን ለኑኃሚን ተናገረች፤ ኑኃሚንም ስለ ሰውየው የምታውቀውን ነገረቻት። በመጨረሻ ቦዔዝ ወደ ከተማው በር ወጥቶ በሽማግሌዎች ፊት አገባታለሁ አለ።

ሦስት ጥያቄ

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ገና ሃያ ዓመታችሁ ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ ስልክ ላይ ጣፋጭ ድምፅ ይመጣል፤ ብቸኝነትም ያሳምናል። ከሳምንት በኋላ «ደሞዝሽን ላኪልኝ» ወይም «ከቤቱ ውጪና ነይ» ይላል። እንዲህ ሲሆን ከልጆቹ መጽሐፍና ከሩት የሚገኙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

1. ጓደኛሽ ታውቀዋለች? ለአንዲት እህት እንኳ እንዳትነግሪ የሚል ሰው ምን እየደበቀ ነው?

2. ይሰጣል ወይስ ይወስዳል? ቦዔዝ እህል ሰጠ፤ የቃረመችውን አልጠየቀም።

3. ሕልምሽን ይወደዋል? ቤት ለመሥራት፣ ለመማር፣ እናትሽን ለመርዳት ነው የወጣሽው። ያንን የሚያስረሳ ፍቅር አይበጅም።

ጥያቄዎቹን የሚያልፍ ሰው ካጋጠመሽ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሠርግሽን ያሳየን።

ለማንበብ የምትፈልጉ ደግሞ የልጅቷን መጽሐፍ ሳትነግሯት አታንሡ፤ «አንብቢልኝ» በሏት። የልጆች መጽሐፍ ዓረብኛው ቀላል ስለሆነ ቋንቋ ያስተምራል፤ ልጅቷም አስተማሪ መሆን ደስ ይላታል። ዓርብ የምትወጡ ከጀበል አማን ደረጃውን ወርዳችሁ በለድ ስትደርሱ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣሉ። ሁለት ሆናችሁ አንድ ግዙ፤ ያነበበችው ላላነበበችው ትተርክላት። አገር ቤት ታናሽ እህት ያላችሁም ከምትልኩት ላይ ለአንድ መጽሐፍ የሚሆን ጨምሩላት። ሳትቸኩል፣ በዕድሜዋ እየሳቀች ትደግ።

ለሩት ኑኃሚንን የሰጠ አምላክ ለእያንዳንዳችሁ እውነቱን የምትነግር ጓደኛ ይስጣችሁ። አሜን።