ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አስታዋሽ የሚሆን የስልክ መልእክት

ገበሬ ሆይ፤ ሰርዶ የወረረውን ማሳ አንድ ጊዜ አርሰው ቢተዉት ሥሩ ከመሬት ውስጥ ቀርቶ እንደገና እንደሚያቈጠቍጥ ያውቃሉ። የሳንባ ነቀርሳም ጠባዩ እንዲሁ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፥ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት በየቀኑ ይዋጣል። ሳሉና ትኵሳቱ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚቀል ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ያቋርጣል። ተደብቆ የቀረው ተሕዋስ ያን ጊዜ ይነሣል። መድኃኒቱን ከተለማመደ ደግሞ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል፤ ይኸው ክፉ ዘር ለቤተ ሰብም ይተርፋል።

ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ብዙ ጎልማሳ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ይወርዳል። ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም የሚገባው ተማሪም ከመምህር ወደ መምህር የሚዞር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እነዚህን ሁሉ ተከትላ መሄድ አትችልም፤ ስልክ ግን በኪስ አብሮ ይሄዳል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህንኑ ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አውጥተዋል፤ በስልክ አስታዋሽ የደረሳቸው ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን በመከታተል ካልደረሳቸው በልጠው ተገኝተዋል። በፓኪስታን በካራቺ ከተማ በተደረገው ሌላ ሙከራ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ መልእክቱ ብቻውን ያድናል ብለው አይመኑ፤ ከበስተጀርባው ሰው ያስፈልገዋል።

ከጤና ጣቢያው የሚላክ መልእክት ባይኖር ከቤተ ሰቡ ፊደል የለየ አንድ ሰው ይመደብ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይላክ። የበሽታው ስም ፈጽሞ አይጻፍ፤ ስልኩን ጎረቤትም ያነሣዋልና። በእኛ ፊደል አንድ መልእክት ባዶ ቦታውን ጨምሮ 70 ያህል ብቻ ስለሚይዝ «አባየ፥ የጠዋቱን ወስደዋል?» ማለት ይበቃል። ጥያቄ መሆኑ መልስ ያስመጣል። መልሱ ከቀረ ይደውሉ፤ ከደወሉም በኋላ ዝም ካለ ለጤና ሠራተኛዋ ይንገሩ። ማንበብ ለማይችል ሽማግሌ ከመጻፍ ይልቅ መደወል ይሻላል። (መብራት በሌለበት ቀበሌ የገበያ ቀን ስልክ መሙላትንም አይርሱ።)

አንድ ቀን ቢያመልጥ በማግስቱ እጥፍ አይዋጥ፤ ለጤና ሠራተኛዋ ይነገር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሽንትን ቀይ ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ደም መስሎት ደንግጦ ይተዋል። ይህ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለሱ ከበረታ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሕመምተኛ ካለዎት፥ ሳይነሣ ከጤና ጣቢያው የመሸኛ ወረቀት ያውጣ፤ በደረሰበት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ይቀጥልበታል። የሚሄድበትን ቦታና የሚገኝበትን የስልክ ቍጥርም ለጤና ሠራተኛዋ ያስመዝግብ።