እግር ሲሮጥ ቀልብ የት ነው?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የትምህርት ቤት ሜዳዎች በልምምድ ጊዜ ሁሉን ቀድሞ የሚሮጥ፣ ኳስንም እንደ ልቡ የሚያዝ ወጣት አይታጣም። የውድድሩ ቀን ደርሶ ሜዳው በተመልካች ሲከበብ ግን ያው ወጣት ጉልበቱ ሲብረከረክ፣ ሪጎሬውንም ሽቅብ ሲልከው ይታያል። ሰውም «ችሎታ የለውም» ብሎ ይፈርድበታል፤ ልጁም ፍርዱን ተቀብሎ ሜዳውን ይለቃል። እኛ ግን የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ቀልብ ነው እንላለን፤ ቀልብም እንደ እግር ይሠለጥናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጨነቀ ሰው አሳቡ ወይ ገና ወዳልመጣው ውጤት ይሸሻል፤ ወይም እግሩ በልማድ የሚያውቀውን ሥራ አንድ በአንድ ልቆጣጠር ይላል። በሁለቱም መንገድ የለመደ አካል ይሰናከላል። ስለ ሪጎሬ የተደረጉ ጥናቶችም ፊሽካው እንደተነፋ የሚቸኩሉ መቺዎች ይበልጥ እንደሚስቱ አሳይተዋል።

ለዚህ ከሻምበል አበበ ቢቂላ የበለጠ ምሳሌ አንፈልግም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ዋናው ተፎካካሪው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ለብሶ ከጎኑ ይሮጥ ነበር። አበበ የተነገረውን ቁጥር ቢያጣም የራሱን እርምጃ እንደ ጠበቀ ሮጠ፤ ያን ጊዜ በሮማ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብም አፈትልኮ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ድል አደረገ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ዳግመኛ ሲያሸንፍም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አርባ ቀን እንኳ አልሞላውም ነበር።

እንግዲህ የወለጋ የስፖርት አስተማሪዎች ምን ያድርጉ? ሪጎሬን ልጆቹ ዕረፍት ላይ ሳሉ ብቻ ሳይሆን በልምምዱ መጨረሻ፣ ደክመው፣ ጓደኞቻቸውም እየጮኹባቸው ያስመቱአቸው። ሯጩም በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ትንፋሹን ብቻ ይከታተል፤ አሳቡ ሲኮበልል ራሱን ሳይወቅስ ይመልሰው። በሩጫም ጊዜ እንዲሁ ወደ ትንፋሹና ወደ እርምጃው ይመልሰው።

ይህ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደካማውንም በአንድ ቀን ጀግና አያደርገውም። ነገር ግን ለዓመታት የደከመ ልጅ በአንዲት ደቂቃ ድንጋጤ ድካሙን ሁሉ እንዳይጥል ይረዳዋል። ተመልካቾችም ብንሆን አንድ ሪጎሬ በሳተ ልጅ ላይ ለመፍረድ ባንቸኩል መልካም ነው።