ክሮክ ፖት፦ ለወርች የተሠራ ድስት

ሥጋ ቤት ገብቶ «ለጥብስ የሚሆን» ያለ ደንበኛ ወርች ቢመዘንለት ፊቱ ይቀየራል። ሽንጥ እንጂ ወርች ማን ይጠብሳል? ወርቹ፣ አንገቱ፣ ጅማት የሚሮጥበት ሥጋ ሁሉ ለቅቅልና ለወጥ ይተዋል። አሜሪካኖች ክሮክ ፖት ወይም ስሎው ኩከር የሚሉት የኤሌክትሪክ ድስት ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሽንጥ ከገባበት አድርቆ፣ አሻክሮ ያወጣዋል። ወርች ከገባበት ቢላ ሳያስፈልግ በሹካ የሚተረተር ሥጋ ያወጣል። የአሜሪካኖች የእሑድ ምሳ የሆነው ፖት ሮስት፣ ማለትም ሳይከተፍ ከድንችና ከካሮት ጋር በዝግታ የሚበስለው ሙዳ ሥጋ፣ ከዚህ ድስት ጋር ስሙ የተጣበቀውም ለዚህ ነው።

መሣሪያው ሲታይ አያስደንቅም። ከውጭ የብረት ቀፎ፣ ከውስጥ ወጥቶ የሚታጠብ ወፍራም የሸክላ ድስት፣ ከላይ የመስታወት ክዳን፣ ከፊት አንዲት ማዞሪያ፤ በቃ ይኸው ነው። የሚያሞቀው ሽቦ በአብዛኞቹ ላይ የተጠመጠመው ቀፎውን በጎን ዙሪያውን ስለሆነ ከሥር አያሳርርም፣ ማማሰልም አይጠይቅም። ባለ 6 ሊትሩ የሚስበው ኃይል 250 ዋት ግድም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል እንደሚስብ ለሚያውቅ ቤት ይህ ምንም ማለት ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ ቢውል እንኳ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየገፋ በጥድፊያ ይጨርሳል። ይኸኛው ደግሞ መፍላት አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ያሳልፋል። ማዞሪያው ላይ ያሉት «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» እንኳ በአብዛኞቹ ድስቶች መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያዩት እዚያ ለመድረስ በሚፈጁት ሰዓት ነው።

ፈልሳፊው ኢርቪንግ ናክሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ናኩምሶን ነበር። እናቱ የሊቱዌኒያ አይሁድ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ስላዩት የቪልና ከተማ ልማድ ይነግሩት ነበር። አይሁድ በሰንበት እሳት አይለኩሱም። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቾለንት የሚባለውን የሥጋ፣ የባቄላና የገብስ ወጥ በድስት አድርገው ወደ ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይልኩታል። ምድጃው ሌሊቱን ቀስ በቀስ እየበረደ ሲያድር ወጡ ይበስላል፣ ቅዳሜ በትኩሱ ይበላል። (በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤል በቀድሞው ሥርዓታቸው የበለጠ ይጠብቁ ነበር፤ እሳቱን ራሱን አጥፍተው የሰንበትን ምግብ ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር።) መሐንዲሱ ልጅ ያንን የሚበርድ ምድጃ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሊተካው አሰበ። ማመልከቻውን በ1936 አስገብቶ የፈጠራ መብቱን በ1940 አገኘ፤ ድስቱም የናክሰን የባቄላ ማብሰያ ተብሎ ለገበያ ወጣ፤ ብዙ ሰው ግን አላወቀውም።

ዕድሉ የተከፈተው ናክሰን ጡረታ ሲወጣ ነው። በ1970 ድርጅቱን የካንሳስ ሲቲው ራይቫል ኩባንያ ገዛው፤ የባቄላ ድስቱ ከግዢው ጋር ተከትሎ የመጣ ዕቃ እንጂ ዋናው አልነበረም። ኩባንያው በባቄላ ብቻ ለምን ይታሰራል ብሎ ሥጋውንም ሾርባውንም አስሞከረበት፣ ክሮክ ፖት የሚል ስም ሰጠው፣ በ1971 ቺካጎ በተደረገ የቤት ዕቃዎች ትርዒት ላይ አቀረበው። ጊዜው የአሜሪካ ሴቶች በብዛት ወደ ሥራ የወጡበት ነው። ጠዋት ሰክተው የሚሄዱት፣ ማታ እራት ሆኖ የሚጠብቃቸው ድስት ሲገኝ ገበያው ጎረፈለት። ሸክላው ተነቅሎ የሚታጠብ ሆኖ የተሠራውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጥለውት የሚሄዱት ድስት መሆኑ ለእኛም የሚያገለግልበት ሌሊት አለ። የትንሣኤን ቅዳሴ ሊያስቀድስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ቤተሰብ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ሲመለስ ሥጋው ልክ ደርሶ ይጠብቀዋል። ዶሮውን ይተካል እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ከማን ቤት እገባለሁ?

ወደ ሥጋው እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ወርችና አንገት ከብቱ ሲራመድና ሲግጥ የሚሠሩ ጡንቻዎች ስለሆኑ የሚያስተሳስራቸው ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ነገር ይበዛባቸዋል። ሥጋ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ጭረቶቹ ይኮማተራሉ፣ ውሃቸውንም ይተፋሉ፤ ሽንጥ አልፎ ሲበስል የሚደርቀው በዚህ ነው። ኮላጅን ደግሞ በዚያው አካባቢ መላላት ይጀምርና ከ80 ዲግሪ በላይ ሰዓታት ሲቆይ ጄላቲን ወደሚባል ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ይለወጣል። የወጣውን ውሃ ማንም አይመልሰውም። በሥጋው ውስጥ የሚቀልጠው ጄላቲንና ስብ ግን ጭረቶቹን ያርሳቸዋል፣ አፍም «ጭማቂ አለው» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአምስተኛው ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ በሹካ ወግቶ ሥጋው ድንጋይ ሲሆንበት «አለፈበት» ብሎ ያወጣዋል። አላለፈበትም፣ ገና አልደረሰም። መድኃኒቱ መልሶ ከድኖ ሁለት ሰዓት መጨመር ነው።

ለስድስት ሰው 1.5 ኪሎ የሚሆን ሳይከተፍ የተቆረጠ ወርች ይበቃል። በጨርቅ ወይም በሶፍት በደንብ ይደርቅ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግድም ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይታሽ፤ ከተቻለ ከዋዜማው። ቀጥሎ የሚመጣውን ነው ሰነፎች የሚዘሉት፦ ወፍራም መጥበሻ ላይ ዘይት በደንብ አግሎ ሥጋውን በየፊቱ አራት አምስት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ቡናማ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ። ይህ ቅርፊት የሚገኘው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ ከመፍላት አያልፍም። ስለዚህ የጥብስ መዓዛ ከፈለጉ ከውጭ ይዘው መግባት ነው፣ እዚያ ውስጥ አይፈጠርም። ሥጋው ከወጣ በኋላ በዚያው መጥበሻ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጠበስ ጠበስ አድርጎ፣ አንድ ብርጭቆ መረቅ ጨምሮ፣ ከሥር የያዘውን ፈቅፍቆ ማንሳት። ከዚያ በላይ ፈሳሽ አያስፈልግም፤ ሥጋው ራሱ ብዙ ያወጣል፣ ከክዳኑ ሥርም የሚተን ብዙ የለም።

ድንችና ካሮት ሥጋው ላይ ሳይሆን ከሥሩና ከጎኑ ይደረደራሉ። ለዓይን ግራ ቢመስልም አትክልቱ ከሥጋው ይበልጥ ይቸገራል፤ የሚያጠነክረው ፔክቲን በደንብ የሚላላው ከ85 ዲግሪ ግድም በላይ ስለሆነ ሙቀቱ ወደሚገኝበት ግድግዳ መጠጋት አለበት። ሥጋው ከላይ ይቀመጣል፣ መረቁ ይፈስበታል፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ጣል ይደረግበታል፣ ይከደናል። በዝቅተኛው ስምንት፣ በከፍተኛው አምስት ሰዓት። እኔ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ፤ መሐል ላይ ክዳን አለመክፈት ግን ለሁለቱም ነው። አንድ ጊዜ የተከፈተ ክዳን ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያስከፍላል፣ ምክንያቱም 250 ዋት የጠፋውን ሙቀት ቶሎ መመለስ አይችልም። ሲደርስ ሥጋው ወጥቶ ይረፍ፣ ስቡ ከላይ ይገፈፍ፣ መረቁም ምድጃ ላይ ፈልቶ ይወፍር።

ወጥ ይሠራበታል ወይ የሚል ጥያቄ አይቀርም። ይሠራል፤ ቁሌቱ ግን ምድጃ ላይ ካለቀ ነው። የወጥ ሽንኩርት ውሃው እየሄደለት የሚቁላላ ነገር ነው፣ ይህ ድስት ደግሞ ውሃ አያስወጣም። የቀዘቀዘ ምግብ ማሞቅ፣ በረዶ የሆነ ሥጋ እንዳለ መክተት ለእሱ አይሆንም፤ አዝግሞ እስኪሞቅ ድረስ ጀርም ይራባበታል። ለባቄላ ተብሎ የተፈለሰፈ ድስት ቀይ ቦሎቄንም ብቻውን አለመቻሉ ያስቃል። ቦሎቄው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ ስላለው ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ምድጃ ላይ በኃይል ከፈላ በኋላ ብቻ ነው የሚገባበት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሂሳቡ ይቀየራል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድስቱም ከዚያ አያልፍም። ለሥጋው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት መጨመር፣ ድንቹንና ካሮቱንም አነስ አድርጎ መቁረጥ ይበጃል። ከአሜሪካ የተላከ ድስት በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። በቀጥታ 220 ላይ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል፤ 500 ዋት የሚችል ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋስ? ቤት ውስጥ ሰው ካለ ወደ ጋዝ ማዛወር ይቻላል። ማንም በሌለበት ጠፍቶ ለምን ያህል ሰዓት እንደቆየ ካልታወቀ ግን ሥጋው የበሰለ ቢመስልም መጣል ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ባለ ቁጥር ሰሌዳ ድስቶች መብራት ሲመለስ ዝግ ሆነው ይቀራሉ፤ ባለ ማዞሪያው ግን ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ካለ፣ ርካሹን ባለ ማዞሪያ ማለት ይሻላል።